የጀልባዋ ሆድ

ሚሊ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተንበርክኮ፣ ቀኝ እጁ ላይ የሚስቱን አሮጌ ስቶኪንግ አጥልቆ፣ ጣውላውን ቀስ እያለ ይዳብሳል። ዓይኑን ጨፍኗል። ላየው ሰው የሚጸልይ ይመስላል፤ ለነገሩ ከመጸለይም ብዙ አልራቀም። ስቶኪንጉ እንጨቱ ላይ ሲሄድ አንዳች ነገር ከያዘው፣ ክሩ ትንሽ እንኳ ከተሳበ፣ እዚያ ቦታ ላይ ዓይን ያላየው ስንጥር አለ ማለት ነው። በእጅማ ማመን አይቻልም። በተለይ እንደ ሚሊ አርባ ዓመት ሙሉ መላጊያ ጨብጦ መዳፉ የጫማ ሶል ያከለ ሰው በእጁ ቢተማመን ሞኝ ነው።

«ይሄ አራተኛው ስቶኪንግ ነው» አለች ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ። «እኔ የማውቀው ባል ለሚስቱ ስቶኪንግ ሲገዛ ነው እንጂ ሲቀማ አይደለም።»

«አንድ ሚሊ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሚስቱ ሳቀች። ሰውየው ሚሊ የተባለው በዚሁ ቃል የተነሳ ነው። ገና በወጣትነቱ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ቁም ሣጥን ሲገጥም «አንድ ሚሊ ይቀረዋል»፣ መሳቢያ ሲያስገባ «በአንድ ሚሊ ጠበቀ» እያለ የሥራ ጓደኞቹን ጨጓራ ሲልጥ ኖረ። እነሱም ሚሊ አሉት፣ አረፉት። ጡረታ ሲወጣ የተሰጠውን የምስክር ወረቀት ያነበቡ ባልደረቦቹ፣ እውነተኛ ስሙን አይተው፣ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ተባብለዋል። ሚስቱ እንኳ በስሙ የምትጠራው በጣም ስትቆጣ ብቻ ነው።

ጀልባዋ ከቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮ በለበሰው ትንሽ የሥራ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት የእንጨት መቆሚያ ላይ ተቀምጣለች። አራት ሜትር ከሃያ ትረዝማለች። ክፍሉ አራት ሜትር ተኩል ስለሆነ በአፍንጫዋና በግድግዳው መካከል የሚያልፍ ሰው ሆዱን መሰብሰብ አለበት። ሚስቱ ሆዷን መሰብሰብ ካቆመች ቆይታለች፤ ስለዚህ በሩ ላይ ቆማ ነው የምታወራው። ሰፈሩን ሁሉ ያስገረመው ግን የጀልባዋ ርዝመት አይደለም፣ የሠሪዋ ማንነት ነው። ሚሊ ውሃ ይፈራል። ሐይቁ ከደጃፉ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ሆኖ፣ በሰባት ዓመቱ አንዴ ጀልባ ላይ ወጥቶ አንጀቱ እስኪወጣ አስታውኮ ከወረደ ወዲህ ድርሽ ብሎ አያውቅም። ቁም ሣጥን፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፤ እሱ የሚያውቀው በደረቅ መሬት ላይ በአራት እግሩ የሚቆም ነገር ነው።

ጀልባዋን የሚሠራው ለታላቅ እህቱ ነበር።

እህቱ ቀዛፊ ነበረች። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ እሱ ሰባት ነበር። የሟች አባታቸውን አሮጌ ጀልባ ውሃ ላይ አወረደችና፣ ስምንት ስምንት ሰው እየጫነች ከዚህ ዳር ወዲያኛው ዳር፣ ከወዲያኛው ወደዚህ ስትመላለስ አርባ ስምንት ዓመት ቀዘፈች። የሚሊ ደብተርም፣ ጫማም፣ የመጀመሪያ መጋዙም ከእነዚያ ሁለት መቅዘፊያዎች የወጡ ናቸው። ትከሻዋ ሰፊ፣ ምላሷ ስለት ነበር። ተሳፋሪ እርስ በርሱ ሲጨቃጨቅ መቅዘፊያዋን ከውሃ ታነሳና፣ «ወይ ዝም በሉ፣ ወይ ውረዱ» ትላለች። ይህን የምትለው ሐይቁ መሃል ስትደርስ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗና አንደበቷ ደህና ተረፉ፤ ግራዋ ከዳት። ሚሊና ሚስቱ ወደ ቤታቸው አመጧትና ሐይቁ የሚታይበትን የፊቱን ክፍል ለቀቁላት። በገባች በማግሥቱ፣ «ያንን መጋረጃ ዝጉልኝ» አለች። ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

አልጋውን የሠራላት ሚሊ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት እንዲደርስ ብሎ በአራት ቀን ውስጥ ሲያጣድፈው፣ በግርጌ በኩል፣ ከውስጥ ያለውን አንድ የጠርዝ እንጨት ሳያለሰልስ ተወው። አንሶላ ይሸፍነዋል አለ። በሕይወቱ ዘመን «ይበቃል» ያለው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በሦስተኛው ወር፣ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣው ነርስ አንሶላውን ስትገልጥ የእህቱ ግራ እግር ከተረከዟ በላይ ቆስሎ አገኘችው። ነርሷ ጣቷን በአልጋው ጠርዝ ላይ አስኬደች፣ ቆም አደረገችው፣ ቀና ብላ ሚሊን አየችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ቁስሉ ለመዳን አራት ወር ፈጀ። የታመመች ሴት ቆዳ ሳስቶ ወረቀት ሆኖ ነበር። ሚሊ ያን ጠርዝ የዚያኑ ዕለት፣ እንባው እንጨቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ መስታወት እስኪሆን ድረስ አለሰለሰው። እህቱ ትራሷ ላይ ሆና ስታየው ነበር፤ እሷም ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ከአልጋዋ አልወርድም አለች። ተሽከርካሪ ወንበሩ መጣ፤ «ተዉኝ»። ግቢው ውስጥ ፀሐይ አለ ተባለች፤ «ተዉኝ»። ነርሷ አንድ ቀን ሚሊን ኮሪደሩ ላይ ይዛ፣ «ቁስሉ ድኗል፤ አሁን የምፈራው ተኝታ መቅረቷን ነው» አለችው። «ግራ እግሯ ጨርሳ አልሞተችም እኮ። ጉልበት አላት። ግን አታዛትም። የምትነሳበት ምክንያት ፈልጉላት፤ አለዚያ ሌላ ቁስል፣ ቀጥሎም የሳንባ ጣጣ ይመጣል።»

ሚሊ ያን ቀን ገብቶ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ብዙ አሰበ፤ ያሰበውን ሁሉ ረሳና፣ «እትዬ፣ ጀልባ ብሠራልሽ ትወጫለሽ?» አላት።

እህቱ ከግድግዳው ፊቷን መለሰች። «አንተ? ጀልባ?»

«እኔ።»

«ሠርተህ አሳየኝ» አለች።

«ተወኝ» አለማለቷ ነበር ትልቁ ነገር። ሚሊ ያቺን ቃል ይዞ እየሮጠ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ሳይጠይቃት ራሱ ወሰነ። ትተኛለች። ከታች ስስ ፍራሽ ይነጠፍላታል። ጎረቤታቸው ዓሣ አጥማጁ ይቀዝፋል። እሷ በጀርባዋ ሆና ሰማዩን እያየች፣ የውሃውን ድምፅ እየሰማች፣ ዳር ዳሩን ትዞራለች። እጇ ወይም እግሯ ድንገት ከፍራሹ ቢወጣ ግን የሚነካው እንጨት ነው። ያ እንጨት ደግሞ የሚሊ እጅ ሥራ ነው። ስለዚህ በዚያች ጀልባ ሆድ ውስጥ አንድም ስንጥር፣ የስንጥር ልጅ እንኳ አይኖርም።

የጀልባ ሆድ ማለስለስ ደግሞ የቁም ሣጥን ሆድ እንደ ማለስለስ አይደለም። ቁም ሣጥን ጠፍጣፋ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ መግፋት ነው። ጀልባ ግን የትም ቦታ ቀጥ አትልም። ሚሊ ከአሮጌ የጫማ ሶል የታጠፈ መያዣ ሠራ። ከውስጥ ያሉት ቆልማማ የማገር እንጨቶች፣ ጎድኖቹ፣ ከጣውላው ጋር የሚገናኙበትን ጥጋጥግ ሁሉ በኮላ በለወሰው ሳጋቱራ ሞልቶ፣ ሳይደርቅ በማንኪያ ጀርባ እየዳመጠ አጎበጠው፤ ከዚያ በኋላ አቧራ እንኳ የሚደበቅበት ጥግ አልነበረም። ሻካራ በሆነው በስድሳ ቁጥር ወረቀት ጀመረ፣ ወደ መቶ ሃያ አለፈ፣ ከዚያ ወደ ለስላሳው ሁለት መቶ አርባ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አራሰው። እንጨት ሲርስ ፀጉሩ ይቆማል፤ ለሰለሰ ያልከው እንደገና ይሻክራል። ሲደርቅ ያንን የቆመ ፀጉር ቆረጠው። እንደገና አራሰ፣ እንደገና ቆረጠ። አምፖሉን ከጎን አስጠግቶ ጥላ ፈለገ። ጥላ ካለ ጉብታ አለ። ሁለት ወር ተኩል እንዲህ ሆነ። ሳጋቱራ በጆሮው፣ በቅንድቡ፣ በሚስቱ አባባል በሻዩም ውስጥ ገባ።

«የውጩን መቼ ነው የምትሠራው?» አለችው አንድ ቀን።

«ውጩን ውሃ ነው የሚነካው።»

አርባ ዓመት ሙሉ ፊቱ ያማረ ዕቃ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ፊቱን ረስቶ ሆዱ ውስጥ ገብቷል። ሚስቱን አንጀቷን በላት።

በመጨረሻ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀባው፤ በየመሃሉም አለሰለሰው። ሲደርቅ ስቶኪንጉን አጥልቆ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ዳበሰ። አንድም ክር አልተሳበም። እንደገና ዳበሰ። ከዚያ ቁጭ አለና፣ «እሺ» አለ፤ ለማን እንዳለ እሱም አያውቅ።

በማግሥቱ ጠዋት እህቱን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ሥራው ክፍል አመጧት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደጅ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ቀኝ ዓይኗን በፀሐዩ ጨፈን አድርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ጀልባዋን በሩቁ ስታይ ከንፈሯ ጫፉ ላይ ተንቀሳቀሰ። «ቅርጿ አያስቀይምም» አለች። ሚሊ መሬቱን አልረግጥ አለ።

ዓሣ አጥማጁና ነርሷ አንስተው ወደ ውስጥ አስገቧት። ሚሊ ፍራሹን ገና አላነጠፈም ነበር፤ መጀመሪያ ሥራውን ትየው ብሎ ነው። ጀርባዋን ወደ ጅራቱ ደገፍ አድርገው ለቀቋት። እህቱም እንደ ሳሙና ተንሸራተተች። ቀሚሷ ቫርኒሹ ላይ ሽው ብሎ፣ በጀርባዋ እየተሳበች ሄደች፣ ጉልበቶቿ ታጠፉና መሃል ጎድኑ ላይ ቆመች። በቀኝ እጇ የሚያዝ ነገር ፈለገች፤ ጠፋ። ሁሉም ነገር ሙልጭ ብሏል።

«ወንድሜ» አለች ከታች ወደ ላይ እያየች፣ «ይሄ ጀልባ ነው ወይስ ሬሳ ሣጥን?»

ዓሣ አጥማጁ ሳቅ አመለጠው፤ የሚሊን ፊት ሲያይ ወዲያው ወደ ሳል ቀየረው።

«ፍራሽ ይነጠፋል እኮ እትዬ። ገና ነው። ትራስም አለ።»

«መቀመጫው የታለ?»

«አትቀመጪም። ትተኛለሽ፤ እሱ ይቀዝፋል፣ አንቺ ሰማዩን…»

«መተኛቱንማ እዚያው ክፍሌ ተኝቻለሁ» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ባልጮኸው ድምፅ ውስጥ ግን የደከመ ነገር ነበር። «ጣሪያውም አልሰለቸኝም። መልሱኝ።»

መለሷት።

ሁለት ወር ተኩል፣ አራት ስቶኪንግ፣ ስንት ሌሊት የተመኘው ነገር ሁሉ በአንድ ቃል ውሃ በላው። ሚሊ ሦስት ቀን የሥራውን ክፍል በር አልከፈተም። ሻይ ሲቀርብለት ይቀዘቅዛል፣ ሲያናግሩት «እህ» ይላል። እንደ ተቀየመ ልጅ አደረገው። ሚስቱ ሁለቱን ቀን ቻለችው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና በእውነተኛ ስሙ ጠራችው። ሚሊ ቀና አለ፤ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«አንድ ሰው ቁም ሣጥን ሥራልኝ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ታደርግ ነበር?»

«እጠይቀዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ስንት ኮት አለህ፣ ቀሚስ የሚሰቀል አለ ወይ፣ በሩ በየት በኩል ይከፈትልህ…» እያለ ሄደና ድምፁ እየቀነሰ ቆመ።

«እሷን ምን ብለህ ጠየቅሃት?»

ሚሊ ተነሳ። የድሮ የትዕዛዝ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፣ ሜትሩን ኪሱ ከተተ፣ የእህቱን ክፍል በር ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

«ግባ፤ ምን ያንኳኳሃል?»

ገባ። ወንበር ሳበ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደምን አደሩ እመቤት። ጀልባ ማሠራት እንደሚፈልጉ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለ።

በሕይወቷ «እርስዎ» ብሏት አያውቅም። እህቱ ትራሷ ላይ ትንሽ ከፍ ለማለት ሞከረችና፣ «ጥሩ ሠሪ ነህ ይባላል?» አለች።

«ቁም ሣጥን ላይ መጥፎ አይደለሁም። ጀልባ የመጀመሪያዬ ነው።»

«አየሁት።»

ሚሊ ጥርሱን ነክሶ እርሳሱን አወጣ። «ስንት ሰው ይይዛል?»

«ሁለት። ጎን ለጎን የሚቀመጡ፤ አንድ አግዳሚ መቀመጫ ላይ። እኔ በቀኝ፣ ቀኝ እጄ መቅዘፊያዬን እንዲይዝ። ሌላው በግራ።»

ሚሊ ጻፈ። ከዚያ የጻፈውን መልሶ አነበበው። «ሌላው… ዓሣ አጥማጁ ነው?»

«ዓሣ አጥማጁ ጀልባ አለው። ቀጥል።»

«እሺ። መቀመጫው ከወለሉ ስንት?»

«ጉልበቴን ለካ። ከፊቱ ደግሞ አግድም የእግር መርገጫ ትመታለህ። መቅዘፍ በክንድ ይመስላችኋል፤ በእግር ነው። እግር ካልገፋ ክንድ ባዶ ነው። ወለሉን ደግሞ፣ ተረከዝ የሚያርፍበትን፣ አሻክርልኝ።»

እርሳሱ ቆመ።

«ምን?»

«አሻክርልኝ። ያን ሁሉ መስታወትህን ገፈህ።»

«እትዬ፣ እሱማ አይሆንም» አለ፤ «እርስዎ»ው ተረስቶ ቀረ። «ያሻሽን አደርጋለሁ፣ መቀመጫም መርገጫም እሠራለሁ። ማሻከር ግን… ቆዳሽን ታውቂዋለሽ። ያ አልጋ ምን እንዳደረገሽ…» ሁለት ዓመት የታመቀው ነገር ሁሉ መጣ። «አውቄ ነው የተውኩት። አንሶላ ይሸፍነዋል ብዬ። ረስቼ አልነበረም እኮ፤ አውቄ ነው። እኔ ነኝ ያቆሰልኩሽ።»

እህቱ መጋረጃውን አየች፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ እሱን።

«እኔ ነኝ ያቆሰልኳት» አለች።

አልገባውም።

«ስማኝ። ከሆስፒታል ስመጣ ግራ እግሬ የለችም። ትታያለች፣ እንቅስቃሴም አላት፣ ለኔ ግን የለችም። ዓይኔን ስጨፍን ከጉልበቴ በታች ባዶ ነው። የት እንዳለች የማላውቃትን እግር ምን ብዬ ልዘዛት? በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ አንሶላው ተገልጦ ያቺ ያልለሰለሰች ጠርዝህ ጋ ደረሰች። ነካችኝ። ትንሽ፣ ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው ድምፅ። ግን ሰማኋት። አለች ለካ!» በቀኝ እጇ አንሶላውን ጨበጠች። «ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እዚያች ቦታ ላይ አሻት ነበር። ጠዋትም፣ ማታም። አለሽ? እላታለሁ፤ አለሁ ትለኛለች። ቆዳው እየተገፈፈ መሆኑን የት አውቄ። ሕመሙንማ አልሰማውም፤ የምሰማው ሻካራውን ነው።»

ሚሊ ደብተሩ ከጉልበቱ መውደቁን አላወቀም።

«ከዚያ አንተ ወረቀትህን ይዘህ መጣህ፤ እያለቀስክ ጠርዙን አለሰለስከው። እኔም እግሬን ከዚያ ቀን ወዲህ አላገኘኋትም።»

«ለምን አልነገርሽኝም!»

«ብናገር ነርሷ ‹አበደች፣ እግሯን ታቆስላለች› ትለኝ ነበር። አንተ ደግሞ…» ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ያንን ሁሉ እንባ አፍስሰህ ያለሰለስከውን ምን ብዬ ልንገርህ? ዝም ይሻላል ብዬ ነው። አሁን ሳየው አይሻልም ነበር።»

ሚሊ ግንባሩን የአልጋው ጠርዝ ላይ፣ ያንኑ መስታወት የመሰለ ጠርዝ ላይ አሳርፎ አለቀሰ። እህቱ በደህና እጇ ጭንቅላቱን ዳበሰችው፤ ከቅንድቡ ላይ ሳጋቱራ አገኘችና ነቅላ ጣለችለት። ሁለቱም ቀለል አላቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሚሊ ደብተሩን አነሳና፣ «በስንት ቁጥር ወረቀት ላሻክረው?» አላት።

«እኔ ቁጥር አላውቅም። እግሬ ትንገርህ።»

በማግሥቱ እንደገና ወደ ሥራው ክፍል አመጧት፤ ዛሬ «ተዉኝ» አላለችም፣ ይልቅ የዘገየችውን ነርስ ተቆጣች። ሚሊ መቀመጫውንና መርገጫውን ገጥሞ ጨርሷል። ቁርጥራጭ ጣውላዎች ደርድሮ፣ በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ቁጥር ወረቀት ፈትጎ፣ መሬቱ ላይ አሰለፈላት። ነርሷ መጀመሪያ ሰምታ ተቆጥታ ነበር፤ በኋላ ግን ራሷ የታካሚዋን ጫማ አወለቀች፣ ቆዳዋንም በየደቂቃው አየች። እህቱ ዓይኗን ጨፈነች። ግራ ተረከዟን እያነሱ በየጣውላው አስረገጧት። ሁለት መቶ አርባ፤ የለችም። መቶ ሃያ፤ የለችም። ስድሳ፤ «እንጃ… ቆይ… እንጃ።» አርባ ላይ ሲደርስ እህቱ ትንፋሽዋን ያዘች።

«አለች» አለች።

ሚሊ አርባ ቁጥር ወረቀት ይዞ ጀልባዋ ውስጥ ገባ። ተንበረከከ። ያንን ሦስት እጅ ቫርኒሽ፣ ፊቱ የሚታይበትን ወለል አየው። የመጀመሪያው ፍትጊያ ጥርስ የሚያፋጭ ነበር፤ ነጭ ጭረት ወለሉ ላይ ሰፍሮ ቀረ። ማንም ሠራተኛ በገዛ ሥራው ላይ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሚሊ ግን ሁለተኛውን ሳበ፣ ሦስተኛውን ሳበ፤ ካሰበው በላይ ቀለለው። እህቱ ከወንበሯ ላይ፣ «ወደ ግራ… ጠለቅ አድርገው… አሁን ነው ጀልባ የመሰለችው» እያለች ታዘው ነበር። ለተረከዝ የሚበቃ፣ አንድ መዳፍ ተኩል የሚያህል ቦታ ሻከረ። ሌላው ሁሉ እንደ ለሰለሰ ቀረ።

ጀልባዋ ውሃ ላይ የወረደችው ከስድስት ቀን በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ነው። ሚሊ ሰው እንዳይሰምጥ የሚለበሰውን ተንሳፋፊ ሰደርያ ከቤቱ ጀምሮ ለብሶ ሁለት መቶ እርምጃውን በላብ ተጠምቆ ሄደ። እህቱ አይታው፣ «ቁርስም በሱ ነው የበላኸው?» አለችው። እውነቷን ነበር፤ በሱ ነው የበላው። ዓሣ አጥማጁና ነርሷ አግዳሚው ላይ አስቀመጧት፣ ሰፊ ቀበቶ ከመቀመጫው ጋር አሰሩላት፣ ግራ ተረከዟን ሻካራው ላይ አሳረፉላት። ሚሊ በግራዋ በኩል ሁለቱን ጠርዝ ጨብጦ ገባ። ዓይኑን ሊጨፍን ፈለገ፤ ዓይን ጨፍኖ መቅዘፍ ይቻል እንደሆነ ሊጠይቃት ፈራ።

«አትየው ውሃውን» አለች። «ሚስትህን እያት።»

ሚስቱ ዳሩ ላይ ቆማለች፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። ቀዛፊ ወደ ኋላ ስለሚያይ፣ እየራቀች የምትሄደው እሷ ናት።

«ሳብ» አለች እህቱ።

ሳበ። ጀልባዋ ወደ እሱ በኩል ዞረች። እህቱ በአንድ እጇ ሆና ከሁለት እጁ በልጣው ነበር።

«ሳብ ነው ያልኩህ፤ ሾርባ አማስል አላልኩህም። ሳብ።»

ሳበ። እንደገና ዞሩ። ሙሉ ክብ ሠርተው ሚስቱ በግራ በኩል ጠፍታ በቀኝ ብቅ አለች፤ እየሳቀች ነበር። የሚሊ መዳፍ መቅዘፊያው ላይ ተጣበቀ። ፈጣሪውን እየለመነ ሦስተኛውን ሳበ፣ አራተኛውን ሳበ። እህቱ መናገር አቆመች። ሚሊ የአንገቱን ላብ እየጠረገ በጎን አያት፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ደክሟት መሰለው። ወደ ዳር እንመለስ ሊል አፉን ከፈተ።

ያኔ በእግሩ ሥር ተሰማው። ሁለቱ የሚረግጡት መርገጫ አንድ ጣውላ ነው፤ የሱ ቀኝ እግርና የሷ ግራ እግር ጎን ለጎን ናቸው። እህቱ ስትስብ ያ ጣውላ ትር አለ፣ ከሷ በኩል ተገፍቶ። ሚሊ ወደ ታች አየ። የግራ ተረከዟ ሻካራው ላይ ጠልቃ፣ ጣቶቿ ተዘርግተው፣ እግሯ ትንሽ እየተንቀጠቀጠች ትገፋ ነበር። ማንም አልያዘላትም።

መቅዘፊያው በእጁ ላይ ቆመ።

«ለምን ቆምክ?» አለች እህቱ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ሳብ እንጂ።»

ሳበ።